ጆሮዋ አይነካም

ዘይቱ ልጅቷን ጭራሹን ቢያደነቁራትስ?

አያት ከማለዳ ጀምራ ይህን ጥያቄ ስታመነዥግ ዋለች፤ መልስ ግን አላገኘችለትም። ከሦስት ቀን በፊት የልጅ ልጇ ከኋላዋ ሆነው ሲጠሯት ሁለት ጊዜ ካልደገሙላት አትሰማም ነበር። ዛሬ ደግሞ አምስት ጊዜም ቢጠሯት ዞር አትልም። ቤተሰቡ ሁሉ ጉንጬ ይላታል፣ ጉንጮቿ ሞላ ሞላ ያሉ ስለሆኑ። ገና ስምንት ዓመቷ ነው። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ በቀለም እርሳስ ቤት ትሥላለች፤ ዓለም ጸጥ ማለቱ ያስጨነቃት አትመስልም። የተጨነቀችው አያት ናት። ለመጨነቅ ደግሞ አያትን የሚያህል የለም። ዝናብ ካረፈደ ትጨነቃለች፣ ከዘነበም ትጨነቃለች።

ነገሩ የጀመረው ከትምህርት ቤት በመጣ ወረቀት ነው። አስተማሪዋ ልጅቷ ስትጠራ መልስ እንደማትሰጥ፣ ንቀት ይሁን አለመስማት እንዳልገባት ጽፋ ላከች። አያት "ንቀት" የሚለውን ቃል ስታነብ ደሟ ፈላ። በማግስቱ ልጅቷን አንጠልጥላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ጫፉ መብራት ባለው መሣሪያ ሁለቱንም ጆሮ አየችና ኩክ ተጠራቅሞ እንደ ቡሽ እንደደፈነው ተናገረች። ከዚያ ጠየቀች። ያማታል? ፈሳሽ ወጥቷት ያውቃል? ትኩሳትስ? ታምቡሯ ተቀዶ ያውቃል? አያት ለሁሉም የለም አለች። እንግዲያው፣ አለች ሐኪሟ፣ ለብ ያለ የወይራ ዘይት ጠዋት ሦስት ጠብታ፣ ማታ ሦስት ጠብታ፣ እስከ መጪው ዓርብ። ዓርብ ስትመጡ የላላውን እኔ በለብታ ውሃ አጥብላታለሁ። እስከዚያ ምንም ነገር፣ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨትም ቢሆን፣ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ይብስ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

አያት ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አስደግማ ከቦርሳዋ ባወጣችው የቀን መቁጠሪያ ቅጠል ጀርባ ላይ ጻፈችው። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ የእጅ ጽሑፏ የሚነበብ ነው። ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ለሐኪሟ ዘርግታ "ፈርሚልኝ" አለቻት። ሐኪሟ እየሳቀች ፈረመች።

ቤት እንደደረሰች መጀመሪያ ያደረገችው መሰብሰብ ነው። መርፌ፣ ክብሪት፣ የፀጉር ሽቦ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የጥርስ እንጨት፣ ሹል የሆነውንና ቀጭን የሆነውን ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ከትታ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲያ ምድጃ ለመለኮስ ወንበር ላይ መውጣት ግድ ሆነ። ዘይቱን በማንኪያ አድርጋ ማንኪያውን የሞቀ ውሃ ባለበት ሲኒ ላይ ትይዘዋለች፤ አንድ ጠብታ የእጇ አንጓ ላይ ጣል አድርጋ፣ አለመሙቀቱንም አለመቀዝቀዙንም ካረጋገጠች በኋላ ጉንጬን በጎኗ ታስተኛታለች። ጆሮዋን ቀስ ብላ ወደ ኋላና ወደ ላይ ሳብ ታደርግና፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት እያየች አምስት ደቂቃ። ልጅቷ ቀንድ አውጣ ጆሮዋ ውስጥ እየተራመደ ነው እያለች ትስቃለች። አምስቱ ደቂቃ ሲሞላ አያት ከውጭ የፈሰሰውን ብቻ በንጹሕ ጨርቅ ትጠርጋለች። ከዚያ አልፋ አትሄድም።

ይኸው ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ፣ እሑድ። መሻሉ ቀርቶ ባሰ። ጤና ጣቢያው ዝግ ነው። ጎረቤት ያለችውን የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ በአጥር ላይ ጠርታ ስትጠይቃት፣ ኩክ ሲርስ እንደሚያብጥ፣ መጀመሪያ ሊብስ እንደሚችል ነገረቻት። ሕመም ወይ ፈሳሽ ወይ ማዞር ከመጣ ግን ጠብታውን አቁመሽ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት አለቻት። አያት አመስግና ገባች፤ ልቧ ግን አልረጋም። ይቺው ሴት ናት ባለፈው ክረምት ሳሉን በሦስት ቀን ያጠፋዋል ብላ ሽሮፕ የሸጠችላት፤ ሳሉ ሦስት ሳምንት ከረመ። ጉንጬን ያምሻል ወይ ብላ በምልክት ጠየቀቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አያመኝም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ መጡ።

እትዬ የአያት ታላቅ እህት ናቸው። ሰባት ዓመት ይበልጧታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥልፍ ሠርተው የኖሩ ሴት ናቸው፤ እንደ እሳቸው እጅ የሚታመን በዘመድ አዝማድ አልነበረም። እሾህ የወጋው፣ ስንጥር የገባበት፣ ዓይኑ ውስጥ ጉድፍ የወደቀበት ሁሉ ወደ እትዬ ይሮጣል። ጆሮማ የሳቸው ግዛት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የቤቱን ልጆች በተራ ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ ጫፏ እንደ ማንኪያ ጎበጥ ባለች ቀጭን ሽቦ ኩካቸውን ይጠርጉ ነበር። ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ የሄደችው የጉንጬ እናትም ጠዋት ስትደውል ሌላ አላለችም፤ እማዬ አትጨነቂ፣ እትዬ ይዩአት፣ እኔንም እሳቸው አይደሉ የጠረጉኝ ብላ ዘጋች።

ለካ ለእትዬም ደውላላቸው ኖሯል። ነጠላ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገና ሳይቀመጡ ልጅቷን በእጃቸው ጠቀሷት። ጉንጬ ትወዳቸዋለች፤ እርሳሷን ጥላ ሮጠች። እትዬ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩና ወደ ጆሮዋ አዩ።

"ልጅቷን በዘይት ጠበስሻት እኮ" አሉ። "ለመጥበስ ምን ቀራት፣ ሽንኩርት ነው?"

አያት ሳትወድ ፈገግ አለች። ከዚያ ወረቀቷን አምጥታ ሐኪሟ ያለችውን አንድ በአንድ አነበበችላቸው፣ ፊርማውንም አሳየቻቸው። እትዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ፊርማውን አዩት።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ" አሉ። "አንቺ ሞኝም ወረቀትም ሆነሽ አረፍሽው። ይቺ ፈራሚሽ ስንት ዓመቷ ነው?"

አያት ሃያ ስድስት ወይ ሃያ ሰባት ቢሆናት ነው አለች። እትዬ በዚያ ዕድሜያቸው ስንት ጆሮ እንደጠረጉ ቆጠሩ፤ የአጎት ልጆችን፣ የጎረቤቱን፣ አንድ የቀበጠ ዳኛም ሳይቀር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለሽ ከጠበቅሽ፣ አሉ፣ እንቁላሉ መራመድ ሳይጀምር ይቺ ልጅ ትዳራለች። ይህን እያሉ ከጥልፍ ቦርሳቸው ያቺን ሽቦ አወጡ። በጨርቅ ወለወሏት። የጉንጬን ራስ ጭናቸው ላይ አሳረፉ፤ ልጅቷም ዓይኗን ጨፍና እንደ ድመት ተመቻቸች።

አያት ዕድሜዋን ሙሉ ለእትዬ እምቢ ብላ አታውቅም። እናታቸው ስትሞት ያበሏት፣ ያለበሷት፣ ትምህርት ቤት እጇን ይዘው የወሰዷት እትዬ ናቸው። ትዳሯን የመረጡላት፣ ልጇን ስትወልድ ያዋለዷት እሳቸው ናቸው። እሷ አንገቷን ደፍታ እሺ ስትል ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው። አሁንም አንገቷ ሊደፋ ሲል ተሰማት። ደግሞስ እትዬ ልክ ቢሆኑስ? ዘይቱ ልጅቷን ቢያበላሻትስ?

ሽቦዋ ወደ ጆሮዋ ስትቀርብ አያት ተንበርክካ መዳፏን በልጅቷ ጆሮ ላይ ደፋች።

"እትዬ፣ ጆሮዋ አይነካም።"

እትዬ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። እጅሽን አንሺ አሉ። አያት አላነሳችም። ደግመው አሉ፣ በዚያ ልጆችን ባንድ ጊዜ ቀጥ በሚያደርገው ድምፃቸው። የአያት እጅ እዚያው ነው።

"እኔን ነው የምትከለክዪኝ?" አሉ እትዬ። "አንቺን ማን ጠረገሽ?"

"እርስዎ።"

"ታዲያ ሞትሽ?"

"እኔስ አልሞትኩም" አለች አያት። "ግራ ጆሮዬ ግን ያን ቀን ሞቷል።"

እትዬ ያ ኩፍኝ ነው አሉ። ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ በልጅነቷ ኩፍኝ ይዟት ግራ ጆሮዋን እንዳበላሸው። አያት ራሷም ለባሏ፣ ለልጇ፣ ለሐኪም ሳይቀር ይህንኑ ስትናገር ኖራለች።

"ኩፍኝ አልነበረም" አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ቅዳሜ ነበር። እንዲሁ ጭናቸው ላይ ተኝታ ሳለ ነፋስ በሩን ገጭ አደረገውና ደነገጠች፤ ራሷ ነቅነቅ አለ። እንደ እሳት የሆነ ነገር ወጋት። እትዬ ምነው ሲሏት ምንም አላለችም። ማታ ትራሷ ላይ ትንሽ ደም ነበር፤ ገልብጣ ተኛችበት። ከዚያ ሦስት ሳምንት መግል ፈሰሳት፣ ሻሽ አስራ ደበቀችው። ኩፍኙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰው ሁሉ ኩፍኝ አለ፣ እሷም ዝም አለች።

እትዬ ሽቦዋን እንደያዙ አዩዋት። የጥልፍ እጃቸው፣ እንዲያ የሚታመነው፣ አየር ላይ ቆሞ ቀረ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ በመጨረሻ።

"እናታችን ከሞተች ሁለት ወር አልሞላትም ነበር" አለች አያት። "ካስቀየምኩዎት እርስዎም የሚሄዱብኝ መሰለኝ።"

ጉንጬ ምንም አልሰማችም። በአያቷ መዳፍ ሥር ሆና አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ሽቅብ ታያለች። አያት ይቅርታ ልትጠይቅ አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ስልሳ ዓመት የለመደ አፍ ነው። ዋጠችው።

"ዓርብ ሐኪሟ ታጥብላታለች" አለች። "እስከዚያ ቢያስቀይምዎትም፣ ከእንግዲህ እግርዎ ደጄን ባይረግጥም፣ ጠብታዬን አላቋርጥም። የኔ ይብቃ። የሷ አይነካም።"

እትዬ የልጅቷን ራስ ከጭናቸው ቀስ ብለው አነሡና ትራስ ላይ አኖሩት። ሽቦዋን ከትተው ቦርሳቸውን ዘጉ። ሲነሡ አያት ደግፋ ልታነሣቸው እጇን ዘረጋች፣ እሳቸው ግን የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። በሩ አጠገብ ጫማቸውን ሲፈልጉ ቆዩ፣ ግራውን ከቀኙ ማወቅ እንዳቃተው ሰው። ጉንጬ ጮክ ብላ፣ ልክ እንደማይሰሙ ሰዎች ጮክ ብላ፣ ትልቋ እማማ የት ነው የምትሄጂው አለች። እትዬ ዞር ብለው ልጅቷን አዩ፣ ከዚያ አያትን፣ ግራ ጆሮዋን።

በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ።