ዛፉን ተደገፍ

በኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ዱባለ የሚታወቀው በትራሱ ነበር። የመኝታ ትራስ አይደለም፤ የጠመንጃ ነው። ለአዳኝ ፈረንጆች ጠመንጃ እየተሸከመ በረሃ ለበረሃ ሲዞር አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ጎሽና ዝሆን የሚጥል ጠመንጃ ደግሞ ተኳሹንም አይምርም፤ እንደ ክፉ በቅሎ ይራገጣል፣ ትከሻ ያበልዛል፣ ጥርስ ያንገጫግጫል። ስለዚህ ዱባለ ከአየር ጤና ጋራዦች አሮጌ ጎማ ይለቅምና በሰደፉ ልክ ቆርጦ፣ ጠጉሩ ያልተላጨ የበግ ሌጦ አልብሶ ይሰፋዋል። ጠመንጃው ቀላል ከሆነም ሰደፉን ቦርቡሮ እርሳስ አቅልጦ ያፈስበታል፤ የከበደ ጠመንጃ ርግጫው ይለዝባልና። ክንደ አጭር ለሆነ ሰደፉን ያሳጥራል፤ አንገተ ረጅም ለሆነ ጉንጭ የሚያርፍበትን ከፍ ያደርጋል።

"እጅህ ይባረክ" ይሉታል፤ የአገሩም ሰው፣ በአስተርጓሚ ፈረንጆቹም።

"አሜን" ይላል ዱባለ። አሜኑን ግን ከልቡ አይለውም። ይህን ሁሉ መላ መፈለግ የጀመረው የጎረቤቱ የነገሬ ትከሻ ከተሰበረ ወዲህ ነው። ትከሻውን ያሰበረው ደግሞ ራሱ ዱባለ ነው። ይህን ከእሱ በቀር ኮልፌ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ነገሬ አናጺ ነበር፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ ትንሽ ሰፊ። ዱባለ የሚሠራበት የአደን ድርጅት ለቆዳና ለቀንድ ማሸጊያ ሣጥን የሚሠራለት ሰው ሲፈልግ ዱባለ ነገሬን አስቀጠረውና አብረው ወደ ኦሞ ወረዱ። የካምፑ ሠራተኞች የነገሬን ሥራ ወደዱለት፤ ጉራውን ግን አልወደዱለትም። እህል በቀረበ ቁጥር "አባቴ ነብር ጥሏል፤ እኔም ጠመንጃውን ብቻ ቢሰጡኝ ከዝሆን አላንስም" ይላል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈረንጆቹ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ሾፌሩና ቆዳ ገፋፊዎቹ ዱባለን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። "እስቲ ስጠው፤ ጉራው ይውጣለት።" ዱባለ ባለ ሁለት አፉን የዝሆን ጠመንጃ ከሣጥኑ አውጥቶ አጎረሰና ለነገሬ ሰጠው። ነገሬ በሰው ፊት ፈገግ እንዳለ ተቀበለው። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዱባዬ፣ የእውነት ተኩሼ አላውቅም። እንዴት ነው የምይዘው?" አለው።

ዱባለ ትክክለኛውን አሳምሮ ያውቃል። ሰደፉን የትከሻ ጎድጓዳ ውስጥ አጥብቆ መወተፍ፤ በግራ እጅ የፊተኛውን እንጨት መጨበጥ፤ ግራ እግርን አስቀድሞ ወደ ፊት ጋደል ማለት። ሲመታም አለመገተር፤ ገላ ከጠመንጃው ጋር ወደ ኋላ እንዲሄድ መተው። ከኋላ ደግሞ ግንድም ግድግዳም መኖር የለበትም። ይህን ለመናገር የውኃ መጠጫ ያህል ጊዜ አይፈጅም ነበር።

"ላላ አድርገህ ያዘው" አለው። "እንዳይጥልህ ደግሞ ዛፉን ተደገፍ።"

ሾፌሩ መታገሥ አቅቶት ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ዱባለም አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ሳቀ።

ነገሬ ጀርባውን ለግራሩ ሰጥቶ ተኮሰ። ሰደፉ ሲመጣ ትከሻው የሚሸሽበት አጣ፤ ከኋላ ግንድ፣ ከፊት ብረት። ከአንገቱ ሥር ያለችው አጥንት ቀጭ ስትል ሁሉም ሰማት። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ዱባለ እንጀራዬ ተቆረጠ ብሎ ደነገጠና ለካምፑ አለቃ "ሳልፈቅድለት ወስዶ ነው" አለ። ነገሬ እየሰማ ዝም አለ፤ ወዳጁ በእሱ ምክንያት ከሥራ እንዲወጣ አልፈለገም። በማግስቱ ነገሬ ከሥራ ተሰናብቶ በጭነት መኪና ሲሸኝ፣ ዱባለ አጠገቡ ተቀምጦ ክፉውን ቃል ተናገረ። "ዛፉን በደንብ ስላልተደገፍክ ነው እኮ! ክፍተት ተውክ።"

"እውነትህን ነው" አለ ነገሬ ጥርሱን ነክሶ። "የራሴ ጥፋት ነው።"

ወጌሻ አሸው፤ አጥንቱ ግን ተጣሞ ገጠመ። ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አልነሣ አለ፤ መላጊያ መግፋት ቀረ። ሚስቱ ዱሬቲ ሳንቃው ላይ ተጎንብሳ እሷ ትገፋለች፣ እሱ በግራ እጁ እያሳየ "እዚህ ጋ፣ ቀስ" ይላታል። ሰፈርተኛው ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቅ ዱባለ "መክሬው ነበር፣ አልሰማ አለ እንጂ" አለ። ሰውም ለነገሬ "ዝሆኔ" የሚል ስም አወጣለት። ጠላ ቤት ሲገባ "ዝሆኔ መጣ!" ይሉታል። ነገሬ አብሮ ይስቃል፤ ጉራውን ግን ከዚያ ወዲያ የሰማው የለም።

ዱባለ ከበረሃ በተመለሰ ቁጥር ማር ወይ ጤፍ ይዞ ይሄድላቸዋል። ዱሬቲ በሁለት እጇ ተቀብላ "ጋሼ ዱባለ፣ እንደ እርስዎ ያለ ወዳጅ ለማንም አይጥፋ" ትለዋለች። ያን ቀን ዱባለ ቤቱ ገብቶ እራት አይበላም። ሚስቱ ብርቅዬ "ምን ሆነህ ነው?" ስትለው "ትከሻዬን አሞኛል" ይላል፤ ያንን ካለ በኋላ ደግሞ ይብስበታል።

እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት አለፈ።

በስድሳ ሁለት ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ፣ የዱሬቲ ወንድም መገርሳ ጎሽ ለሚያድን ሌላ ድርጅት ተቀጠረ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ጸጥ ያለ ገበሬ ነው፤ ቆመህ ጠብቀኝ ከሚባለው አሮጌ ጠመንጃ በቀር ሌላ አያውቅም። አሁን ግን የቆሰለ ጎሽ ሲመጣ ከፈረንጁ ጎን ቆሞ በትልቁ ጠመንጃ እንዲተኩስ ተነግሮታል። ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ዱሬቲ "ምክር እንዲሰጡት" ብላ ዱባለን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠራችው።

ዱባለ ወደ ግቢው ሲገባ ነገሬ መገርሳን አቁሞ እያስተማረው ነበር። በጠመንጃ ፈንታ መጥረጊያ አስይዞታል። የመገርሳ ጀርባ ጓሮ ካለው ትልቅ ባሕር ዛፍ ጋር ተጣብቋል።

"ጥብቅ! ክፍተት እንዳትተው" ይላል ነገሬ በግራ እጁ የመገርሳን ደረት ወደ ግንዱ እየገፋ። "እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። ላላ አድርገህ ትይዛለህ፣ ዛፉን ግጥም አድርገህ ትደገፋለህ። ይኸው የሙያው ጌታም መጣ! ዱባለ፣ ልክ አይደለሁም?"

ዱባለ በሩ ላይ ቆመ። "ልክ ነህ" ብሎ በኋላ መገርሳን ብቻውን መንገድ ላይ ማረም እንደሚችል አሰበ፤ ያ ሐሳብ እንዴት ፈጥኖ እንደመጣለት ሲያይ ራሱን ጠላ።

"ልክ አይደለህም" አለ።

"የቱ ነው የተሳሳተው?"

"ሁሉም። ዛፍ ከተደገፈ አጥንቱ ይሰበራል። ላላ ካደረገውም ይመታዋል። አጥብቆ ነው የሚይዘው፣ ከኋላውም ባዶ መሆን አለበት።"

ነገሬ እጁን ከመገርሳ ደረት ላይ አነሣ። "ታዲያ ለእኔ ያልከኝ..."

"አውቄ ነው" አለ ዱባለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። "ጉራህን ልናስተነፍስ ብለን ነው። ትወድቃለህ፣ እንስቃለን ብዬ እንጂ ትሰበራለህ ብዬ አልነበረም። በመኪናው ላይ ያልኩህም ውሸት ነው። ዛፉን በደንብ ተደግፈህ ነበር።"

ዱሬቲ ይዛው የነበረውን ሳፋ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። መገርሳ መጥረጊያውን እንደያዘ ቀረ። ነገሬ ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ይዞ ዱባለን ብቻ ያያል።

"ሰዎቹ ሲስቁ ሰምቼ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ከመተኮሴ በፊት። አራት ዓመት ሙሉ፣ ምን ታይቷቸው ነው የሳቁት እያልኩ አስብ ነበር። አንተ ግን አልሳቅክም ብዬ ነበር።"

"ስቄያለሁ።"

"ውጣ ከቤቴ።"

ዱባለ ወጣ። ዱሬቲ እስከ አጥሩ ተከተለችውና፣ እርስዎ ማለቱን ትታ፣ "ያንን ማር ለልጆቼ ሳበላ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር አይደል?" አለችው።

በማግስቱ ጠዋት መገርሳ በሩን አንኳኳ። ነገሬ ነው የላከው። "በትክክል ያስተምርህ፤ ይህን ዕዳ አለበት ብሎኛል" አለ። ሁለቱ ከቀራንዮ ወዲያ ወዳለው የድንጋይ ካባ ሦስት ቀን ተመላለሱ። ዱባለ ለጥገና ከመጡለት ጠመንጃዎች አንዱን ይዞ፣ መጀመሪያ ያለ ጥይት፣ ቀጥሎ በጥይት አስተማረው። የመገርሳን ክንድ ለክቶ ጎማውን ቆረጠለት፣ ሌጦውን ሰፋለት። መገርሳ ተኩሶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሄድና ትከሻውን አሻሽቶ "ደኅና ነኝ" ሲል፣ ዱባለ ወደ ድንጋዩ ዞሮ ዐይኑን ጠረገ።

ካስተማረ በኋላ ሽማግሌ ላከ። የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ገብረወልድ ሄደው ተመለሱ።

"እርቅ አልፈለገም" አሉት። "ካሣም አልፈለገም። 'ለሁሉም ያወራውን ለሁሉም ያስተካክል' ነው ያለው። ምን ማለቱ ነው?"

"ገብቶኛል" አለ ዱባለ።

በወሩ መጨረሻ ዕድሩ ሲሰበሰብ ስልሳ የሚሆን ሰው ነበር። ዱባለ እጁን አውጥቶ ቆመ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ፤ ነገሬ በሹክሹክታ እንዴት እንደጠየቀው፣ እሱ ምን እንደመለሰለት፣ ለአለቃው ምን እንደዋሸ፣ ነገሬ ለምን ዝም እንዳለ። "አልሰማ ባይ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው የሰማኝ አምኖኝ ነው። ዝሆኔ ያላችሁት በእኔ ውሸት ነው" አለ።

አቶ ገብረወልድ መነጽራቸውን አውልቀው "ነገሬ፣ የምትለው አለህ?" ሲሉ፣ ነገሬ ከኋላ ወንበር ላይ ሳይነሣ "የለኝም። ወደ ድንኳኑ ጉዳይ እንለፍ" አለ። ዱባለ ተቀመጠ፤ ስለ ድንኳኑ ተነጋገሩ። ከዱባለ አጠገብ የነበረው ሰው ወንበሩን ጥቂት ሳብ አደረገ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠላ ቤት ውስጥ ዝሆኔ የሚል አልተሰማም። ዱባለን ሰላም የማይሉት ግን በዙ፤ ያንንም አልተቃወመም።

ጾሙ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት በነገሬ ግቢ በኩል ሲያልፍ በሩ ክፍት ነበር። ነገሬ ብቻውን ረጅም ሳንቃ በግራ እጁ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ሊያጋድም ይታገላል። ዱባለ ሳያስበው ገብቶ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ነገሬ ቀና ብሎ አየው።

"ተወው ዱባለ" አለ። "ዱሬቲ ትመጣለች።"

ዱባለ ጫፉን ቀስ ብሎ መሬት አስነካና ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ብርቅዬ ፊቱን አይታ "ታረቃችሁ እንዴ?" አለችው።

"አልታረቅንም።"

"ታዲያ ምን አለህ?"

ዱባለ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። "ከቤቱ ካስወጣኝ ወዲህ ዛሬ ገና ስሜን ጠራኝ" አለ።