ጢጥ ያላለው ኮምፒውተር

አማቼ፣ የትልቋ ልጄ ባል፣ ደግ ልጅ ነው፤ ችግሩ እጁ አርፎ አይቀመጥም። ምሳ ሊበላ ይመጣና ሲጢጥ የሚለውን በር ዘይት ቀብቶ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አጥብቆ ይሄዳል። ባለፈው እሁድ የሚነካካው ቢያጣ፣ ባሌ መኝታ ቤት ጋደም ብሎ ሳለ «ላፋጥንላችሁ» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ለልጆች የሒሳብ መጽሐፍ ይጽፋል። ቁልፎቹን በጣቱ ያውቃቸዋል፤ ጠዋት እሱ ይመታል፣ ከሰዓት እኔ አነብለታለሁ። ክፍልፋይ የሚባል ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ጠላቴ ነው፤ ይኸው በስተርጅና ቤቴ ድረስ መጣልኝ!

ኮምፒውተሩ ሲበራ ምን ምን እንደሚሠራ በተራ የሚያዝዘው አንድ ትንሽ ፋይል አለ። ትንሿ ልጃችን ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ከመሄዷ በፊት እዚያ ውስጥ ለአባቷ ድምፅ አስገባችለት። ማሽኑ ሲነሳ ጢጥ ይላል፤ መጻፊያው ፕሮግራም ሲከፈት ደግሞ ጢጥ ጢጥ። ያንን ሲሰማ ሥራ ይጀምራል።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዱ ተቀመጠ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የቁልፎቹን ኳኳታ ብጠብቅ፣ የለም። ብቅ ብል እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል።

«ምነው? መጻፊያው ተከፍቶልሃል እኮ!»

ደንገጥ አለ። «ተከፍቷል?»

«ይኸው ፊቴ ላይ እያበራ!»

«እ… ደክሞኝ ነው» አለና ተነሳ።

ማክሰኞም ደከመው። ሬዲዮ ይከፍታል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ መልሶ ይዘጋዋል። ረቡዕ ዕለት «ይህን ማሽን ለሚፈልገው ሰው ስጪው፤ መጽሐፉም ይቅር» አለኝ።

ክው አልኩ። ዓይኑ ሲጠፋ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ አልወጣም። መጽሐፉ ከቀረ ሰውዬው ራሱ እንደሚቀርብኝ አውቃለሁ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች! መላው ሲጠፋኝ ምናልባት እሱን ይሰማው ይሆናል ብዬ ለአማቼ ደወልኩ።

መጣና መጀመሪያ ማሽኑን አበራው። «ምንም አልሆነም አባባ። እንዲያውም ከበፊቱ ፈጥኖ ይነሳል። ማስነሻው ፋይል ውስጥ የማይረባ ነገር ነበር፣ አጸዳሁት።»

«የምን የማይረባ?» አልኩ።

«ዝም ብሎ ጢጥ የሚያስብል ነዋ። ሥራ የለውም፣ ጊዜ ነው የሚፈጀው።»

«ሥራ የለውም? አንተ እጀ ፈጣን! ምኑን አይቶ ይወቅ? በድምፁ እኮ ነው…»

ባሌ እጁን አነሳ።

«ቆይ እስቲ» አለ። «አሁን አይጮኽም ማለት ነው? ለማንም?»

«ለማንም አባባ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ በጣም ይቅርታ፣ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።»

«አንቺም አልሰማሽም?»

«የሌለውን ከየት አምጥቼ ልስማ!»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያለቀሰ መስሎኝ ጠጋ ብል ይስቃል፤ እንባውም አብሮ ይወርዳል።

«እኔ ደግሞ ጆሮዬም ሄደ ብዬ» አለ። «ጆሮ ሲደክም ከቀጭን ድምፅ ይጀምራል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ቀጥሎ የአንቺ ድምፅ ነው የሚሄደው ብዬ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር።»

ስንት የምለው ነበረኝ፤ አንዱም አልወጣ አለኝ። እሱ ደግሞ እጄን በዳበሳ ፈልጎ ያዘና «ተናገሪ እንጂ» ይለኛል፣ «ምነው ዝም አልሽ፣ ተናገሪ።»