የየትምወርቅ አፍንጫ

ጣሊያን ዲላን በያዘ በሁለተኛው ዓመት የወይዘሮ የትምወርቅን አፍንጫ ነቀርሳ በላው። የጣሊያኑ ሐኪም የታመመውን ቆርጦ ጣለ፤ ከግንባሯ ቆዳ ገፎ፣ ቁልቁል አጥፎ አዲስ አፍንጫ ሠራላት። ትውልዷ ወሎ ነውና፣ እንደ አገሯ ክርስቲያን ሴቶች ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራት። ሰውየው ዐይኑ እያየ ልብ አላለውም፤ መስቀሉ ተዘቅዝቆ አፍንጫዋ ላይ ዋለ። አንዱ ቀዳዳም ተደፈነ። እሱ ግን ፎቶ አንስቷት በሥራው ኮርቶ ሄደ።

እሷ ከዚያ በኋላ የፈለገችው መቁረብ ብቻ ነበር። እሑድ ቄስ ወንድይራድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገዷት። ባለፈው ሳምንት የጣሊያን ሹም መኪና ላይ ጠበል የረጩት እኒሁ ቄስ ናቸው።

«መስቀል ዘቅዝቀሽ የት ልትገቢ ነው?» አሏት።

«አባ፣ እኔ መች ዘቀዘቅሁት?» አለች፣ ድምፅዋ በአፍንጫዋ እየታፈነ።

«ቢሆንም የሰይጣን ምልክት ነው። ሰውም ይስቃል።»

«ይሳቅ። ቅዱስ ጴጥሮስ ቁልቁል አይደል የተሰቀለው? እሱንም ከበር ይመልሱት ነበር?»

ሊቅ ነኝ ባዩ ቄስ ይህን አላሰቡትም ነበር። የትምወርቅ በጎናቸው አልፋ ገባች፤ ከቆራቢዎቹም ፊት ቆመች።