የሁዳዴው ወተት

ጎረቤቷ ወርቅዬ የሞቀ ወተት በብርጭቆ ይዛ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመስሽም፤ እስቲ ይችን እንኳ ፉት በይ» አለቻት። ኮከቤ ብርጭቆውን ስታይ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። ጎረቤቶቿ ሐዘን ነው አሉ። ሐዘን ብቻ ቢሆን እንዴት በወደደች!

ባሏ ሂርጳ ጌጃ ሰፈር ባለ የድንጋይ መቁረጫ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ግራናይት ቆርጧል። ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ስለሚሆን «ሽማግሌው መጣ» እያለች ትቀልድበት ነበር። በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ ከምሳ በኋላ ለእያንዳንዱ ቆራጭ ግማሽ ሊትር ወተት ይታደላል። አቧራውን አጥቦ ያወርዳል ይባላል። ጭምብል የጠየቀ የለም፤ ወተት እያለ ምን ሊደረግ። ሂርጳ በጾምም አያቋርጥም ነበር። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ግን ኮከቤ አልለቅ አለችው። «ሃምሳ ዓመት አልፎህ በጾም ወተት? ለነፍስህ እንኳ አታስብም?» አለችው። ሚስቱን ማስቀየም አይወድም፤ ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾመ። ለፋሲካ ሳሉ በረታ፤ በሰኔ ደረጃ መውጣት አቃተው፤ ሐምሌ ሳያልቅ ሞተ።

ዛሬ ሠልስቱ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ በተጣለው የእድር ድንኳን ወሬ እንደ ንፍሮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ ብርድ ነው ይላል፤ ሌላው ነቀርሳ። በጥር ለጥናት ብለው ደሙን የወሰዱት ናቸው ያደከሙት የሚልም አልጠፋም። ከጎኑ በዚያው የድንጋይ መጋዝ የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ቤካ ግን ለጠየቀው ሁሉ አንድ መልስ ነበረው፤ ወተቱን ባያቋርጥ ኖሮ። ማንን እንደሚወጋ አላሰበበትም። ኮከቤ ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ አምናለች፤ ይህንንም ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት እንባ አልወጣትም። ገዳይ ምን ብሎ ያለቅሳል?

ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት መርፌና ብልቃጥ የያዘ ቦርሳዋን አንግታ ገባች። ሀያት ትባላለች፤ በጥር የቆራጮቹን ደም የወሰደችው ነርስ ናት። ውጤቱን ለሂርጳ ልትነግር፣ ያኔ ደም አንሰጥም ብለው የሸሹትንም ልትፈልግ መጥታ ድንኳን ጠበቃት። «ፈጣሪ ያጽናዎት» ብላ ከኮከቤ ጎን ተቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። የድንጋይ አቧራ ሳንባን ሲያቆስል ደም ውስጥ ከፍ የሚሉ ምልክቶች አሉ፤ ነገሩ ገና ጥናት ቢሆንም የሂርጳ በጣም ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ያኔ የተነሳው ራጅም ያንኑ አሳይቷል። የደሙ መመርመሪያ ዕቃም የራጁ ንባብም ዘግይቶባቸው ነው እንጂ ቀደም ብላ ልትመጣ ነበር። ይህን ስትል ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ኮከቤን ግን ሌላ ነገር ነበር የያዛት። «ደሙ መቼ ተወሰደ አልሽኝ?»

«በጥር። ከጥምቀት በኋላ።»

«ጾም ሳይገባ?»

«ሳይገባ። ሳንባቸው ያኔም ተጎድቶ ነበር፤ ዓመታት የቆየ ጉዳት ነው።»

«ወተቱን ያስተውኩት እኔ ነኝ።»

ሀያት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጇን ያዘቻት። «ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ እናቴ። ሳንባ አይደርስም። ቢጠጡም ባይጠጡም ያው ነበር።»

ሦስት ቀን የጠፋው እንባ ያኔ መጣ። ኮከቤ ስሙን እየጠራች አለቀሰች፤ ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ። ለራሷ እፎይ አለች፤ ለእሱ ግን አንጀቷ አረረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በወተት ሲደለል ኖሯል።

ቀና ስትል ቤካ ከወንዶቹ መካከል ጉሮሮውን እየጠራረገ ተቀምጧል። ሰኞ ወደ መጋዙ ይመለሳል። በጥርም ደማችንን አንሰጥም ብለው ከሸሹት አንዱ እሱ ነበር። ጠራችው፤ መጥቶ ተንበረከከላት። የሀያትን ቦርሳ ሲያይ ነገሩ ገባው።

«እኔ እኮ አንድ ቀን አላቋረጥኩም፣ ኮከቤ» አለ። «ሁዳዴንም ጠጥቻለሁ።»

ኮከቤ የሸሚዙን እጅጌ ቁልፍ ፈታች፤ ልጅ እጁን ሊታጠብ ሲል እንደሚደረግለት እያጠፈች እስከ ክርኑ ሰበሰበችውና ክንዱን ለሀያት አቀበለቻት።