የእኔ ድስት፣ የእህቴ ድስት

እህቴ አፀደ ውሸት አትወድም። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ስትዋሽ ሰማኋት፤ እሱንም ለክብሯ ብላ ነው። ዕዳው ግን የደረሰው እኔው ላይ ነው።

እዚህ ፈረንጅ አገር አሌክሳንድሪያ ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስሠራ ስትሮክ መታኝና ቀኝ እጄና ቀኝ እግሬ አልታዘዝ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ የሚሰጠው ቼክ በየወሩ ይመጣልኛል። እዚያው አሌክሳንድሪያ በአንዲት ክፍል ብቻዬን እየኖርኩ፣ በግራ እጄ በማንኪያ እየበላሁ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ፤ እኔ እንኳ ስስት ይዞኝ ሳይሆን አብሮኝ የሚበላ ጠፍቶ ነው።

አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ወድቄ ጎረቤት አነሳኝ። ይህን የሰማችው እትዬ አፀደ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከታ ወሰደችኝ። ታላቄ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ትኖራለች፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። የመጀመሪያው ቀን እራት ላይ አንድ ትሪ አቀረበችና እየጠቀለለች ታጎርሰኝ ጀመር። አፍሬ ፊቴን አዞርኩ።

«ዙር ወዲህ፣ ኖላዊ!» አለችኝ። «ያሳደግሁህ እኔ አይደለሁም? አሁን ሰው ሆንኩ ብለህ ልትኮራብኝ ነው?»

ጎረስኩ። ከዚያ ወዲያ ያቺን ሰዓት እየጠበቅሁ መዋል ልማዴ ሆነ። የምትመጣበትን አውቶቡስ በመስኮት አያለሁ፤ ከዘገየች እነጫነጫለሁ፤ ስትገባ ደግሞ ያልጠበቅኋት እመስላለሁ።

ቼክ የሚቀበል ሰው ቤት ሲቀይር ማስታወቅ አለበት። አስታወቅሁና ቼኩን የሚልከው መሥሪያ ቤት ጠራኝ። እትዬም «ብቻህን አትሄድም» ብላ ተከተለችኝ። ያነጋገረችን ሴትዮ ትሁት ናት። ኪራይ ትካፈላለህ ወይ፣ የምትበላውን ማን ይገዛል፣ እያለች ጠየቀች። እውነቱን ለመናገር በየወሩ ድርሻዬን ስኳር ዕቃው ሥር አኖራለሁ፤ እህቴም እኔ በሌለሁበት ታነሳዋለች። ስለዚህ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አንስተን አናውቅም። በኛ ቤት ወንድምና እህት እንዲህ ያለውን አይነጋገሩም። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ምን ማለቷ ነው? ከወንድሜ ሬንት ልቀበል? እኔ ቤት ይበላል፣ ይጠጣል፣ አምስት ሳንቲም አልነካም! ንገራት!» እኔን ሳትጠብቅ ራሷ ነገረቻት፦ «ማይ ብራዘር! ኖ መኒ! ኔቨር!»

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ጻፈች። ታላቄን ባዕድ ፊት ውሸታም ላሰኛት? ፈርመን ወጣን፤ እትዬ እንደ ኮራች።

በሚቀጥለው ወር ቼኩ ሲሶው ተቆርጦ መጣ። ሰው ቤት ተጠግቶ ምግብም ማደሪያም በነጻ የሚያገኝ ይቀነስበታል ለካ! የታክሲ ሹፌሩ ወዳጄ ለገሰ ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ።

«ይሉኝታ ቼክህን በላው በለኛ!»

እኔ አልሳቅሁም። ከተቆረጠው ቼክ ድርሻዬን መስጠት ካልቻልኩ እህቴ ላይ ሸክም ሆኜ አልቀመጥም፤ ላንግሊ ፓርክ ርካሽ ክፍል ፈልግልኝ አልኩት። እትዬ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ለገሰ ያኔ ሳቁን ተወና መላ አመጣ፦ «ምግቡን በራሱ ገንዘብ ለብቻው ይግዛ፣ ለብቻው ይብላ። ያኔ ጥገኛ አይባልም።»

ተመልሰን ሄድን። እትዬ አንገቷን ደፍታ «ከእንግዲህ ለብቻው ይገዛል፣ ለብቻው ይበላል» አለችና ፈረመች። የተዋሰችው ዕቃ የጠፋባት ትመስል ነበር። ቼኩ ተስተካከለ፤ እኔም ከቤቷ ሳልወጣ ቀረሁ።

ግን አንዴ የዋሸችው አንገብግቧታል። ፍሪጁን ለሁለት ከፈለችው። ለኔ ትንሽ ድስት ገዛች። የኔን ድስት በኔ ማማሰያ፣ የሷን በሷ፤ የጾምና የፍስክ ዕቃ የምትለይ ነው የሚመስለው። ገበታ ላይም በየሳህናችን ሆንን፤ እኔ ወደ ማንኪያዬ ተመለስኩ።

«እትዬ፣ አንድ ጉርሻ ማን ያያል?» አልኳት አንድ ቀን።

«እግዜር ያያል። ደግሞ ፈርሜያለሁ።»

አሌክሳንድሪያ ሳለሁ የምትናፍቀኝ እህቴ ሩቅ ነበረች። አሁን እጄን ብዘረጋ የምደርስባት ሴት ናፈቀችኝ። ይሄኛው ይብሳል፤ እያዩ መናፈቅ ነው።

ፋሲካ ደረሰ። ለገሰ በኔ ገንዘብ ዶሮ ገዛልኝ። እትዬም የራሷን ገዛች። ለሁለት ሰው ሁለት ዶሮ፣ ሁለት ድስት! ስትሠራ ውላ አቀረበችና ፊት ለፊት ተቀመጥን። ማንኪያዬን አነሳሁ፤ አልበላ አለኝ። ቀና ስል እሷም አልጀመረችም፤ የኔን ሳህን ታያለች።

ድንገት ወንበሯን እየጎተተች አጠገቤ መጣች።

«የፈረምኩት ኖላዊ ከአፀደ አይበላም ብዬ ነው፤ አይደል?»

«አዎ።»

«አፀደ ከኖላዊ አትበላም ብያለሁ?»

አሰብኩ። «አላልሽም።»

አፏን ከፈተች።

ቀኝ እጄን አየሁት፤ ጭኔ ላይ እንደተኛ ነው። «በግራ እጅ ማጉረስ ነውር ነው፣ እትዬ» አልኳት።

«ያንተ እጅ አይደለም? ቶሎ በል፣ አፌ ደከመ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። እንጀራው አልጠቀለል ብሎ ሁለቴ ተበተነብኝ፤ ወጡ ነጠላዋ ላይ ተንጠባጠበ፤ እሷ ግን አፏን አልከደነችም። በመጨረሻ አጎረስኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ያጎረሰችኝን ሴት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር ሳጎርሳት።

ቀስ ብላ አኝካ ዋጠች። አይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ አፏን እንደገና ከፈተች።