የሄንሪክ አደራ

የሰው ዕቃ አልነካም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንድ ጊዜ ነክቼ ስለማውቅ ነው።

ደባርቅ ላይ ባለ አምስት አልጋ ማደሪያ ነበረችኝ። ንጉሡ በወረዱ በአምስተኛው ወር ሄንሪክ የሚባል የዴንማርክ ወጣት ቁመቱን የሚያህል ከረጢት አዝሎ ከአውቶቡስ ወረደ። አልጋው ለአገር ሰው አንድ ብር ነው፤ እሱን ሦስት አስከፈልኩት። ፈረንጅ አይደል? ሁሉም እንደዚያ ያደርግ ነበር። ከቡይት ራስ ማዶ ሥራ ፈቶች ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ላይ አጣና አጋድመው፣ ገደል አይቶ ለመመለስ አምስት ብር ተቀብለውታል።

ከጎኑ ባለው አልጋ ይግዛው ያድር ነበር፤ የዳባት ልጅ፣ አዲስ የተመደበ አስተማሪ፣ ቤት እስኪያገኝ እኔ ዘንድ የተቀመጠ። ሄንሪክ ስለ አምስት ብሩ ሲያማርር ሰማና ቅዳሜ ራሱ ይዞት ወጣ። አጣናውን በእጁ አንስቶ፣ «ገደሉን ማን ሠራውና ነው የምትሸጡት?» አላቸው አሉ። ሲመለሱ ደግሞ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እርስዎስ? እንግዳ አይደለም እንዴ?»

ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ትርፉን መለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ የእንግዳ ነገር ባለቤቱ ሳይፈቅድ እንደማልነካ ለራሴ ማልኩ።

ሦስት ሳምንት አብረው ሰነበቱ። ይግዛው ፊደል ያስቆጥረዋል፤ ሄንሪክ የተራራ ጫማውን ያስሞክረዋል። ጫማው ልክክ ቢልለት ይግዛው ግቢዬን እንደ ወታደር እየረገጠ ዞረው፤ ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሄንሪክ የሄደ ዕለት ይግዛው እናቱን ሊጠይቅ ዳባት ወርዶ ነበር። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋል። ሄንሪክ የተራራ ጫማውን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ በገመድ አሰረው፤ እጄ ላይ አስቀመጠና «አደራ» አለኝ፤ ይግዛው ያስተማረው ቃል ነው። የይግዛውንም ስም ደጋግሞ ጠራ። ሰላምታ መሰለኝ፤ «አደርስልሃለሁ» አልኩት።

ይግዛው ሲመለስ ሰላምታውን ነገርኩት፤ ከረጢቱንም አሳየሁት። «እንግዲያው ይመጣል ማለት ነው» ብሎ አይጥ እንዳይደርስበት ቆጥ ላይ አወጣልኝ።

አልመጣም። አገሩ ተረበሸ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ፈረንጅ የሚባል ጠፋ። ባዶ አልጋዎቼን እየጠረግሁ ቀና ስል ከረጢቱን አያለሁ። እሱ እስካለ ድረስ ሰውየው ይመለሳል እል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ይግዛው በጓሮ በር ገባ። ጓደኞቹ ታስረዋል፤ እሱም ይፈለጋል። ከተራራው ማዶ ባለችው በአምቢኮ መንደር በኩል አድርጎ ወደ ተከዜ ሊሻገር ነው። የተጫማው የላስቲክ ጫማ ነው። ቀና ብሎ ቆጡን አየ።

«እትዬ፣ የሄንሪክን ጫማ ይስጡኝ። ተራራው ላይ ውርጭ ነው። እሱ ቢኖር አይከለክለኝም ነበር።»

«ሲመጣ ምን ልበለው? እንግዳ አይደለም እንዴ ብለህ ያሳፈርከኝ አንተ ነህ።»

ዓይኑን ከቆጡ ላይ አነሳ። ፈገግ አለና «እውነትዎን ነው» አለኝ።

የራሴን ጋቢ ደረብኩለት፤ ዳቦ ቆሎ ቋጠርኩለት። ጫማውን ግን አልሰጠሁትም። ሲወጣ አደራዬን ጠበቅሁ ብዬ ኮርቼ ነበር፤ ይህችን ኩራቴን እስከ ዛሬ እረግማታለሁ።

ታኅሣሥ ላይ አሻግሬ የሚባል በቅሎ ጫኝ ከተራራው ወረደ። ቧሂት ተራራ ማለፊያው ላይ አንድ ሰው በብርድ ሞቶ የአምቢኮ ሰዎች ቀበሩት አለ። እግሮቹ ጠቁረው ነበር። «ጋቢውስ ደህና ነበር፤ ጫፉ በሰማያዊ ክር የተሰፋ» አለኝ። የሰፋሁት እኔ ነኝ።

በጥር ፍተሻ መጣ። ሦስት ታጣቂዎች ከረጢቱን ከቆጥ አውርደው ገመዱን በሳንጃ በጠሱት። ጫማዎቹ ከላይ ነበሩ፤ በአንደኛው ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አለ። እኔ ማንበብ አልችልም። ከመካከላቸው ወጣቱ፣ የልጅ ጽሕፈት ነው እያለ፣ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ይግዛው፣ ጫማው ልክህ ነው። ሁሉም ያንተ ነው። ጓደኛህ ሄንሪክ።»

መቃኑን ይዤ ቆምኩ።

«ይግዛው ማን ነው?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።