የተቃኑት ችካሎች

ቀያሿ ሆሳዕና ትናንት ከቡታጅራ ወጣ ብላ ባለች የመስቃን መንደር፣ ለአዲሱ መንገድ ኩርባ ችካል ስትተክል ዋለች። ዛሬ ጠዋት ስትመለስ ችካሎቹ ቀጥ ብለው በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። በቀያሽነት ዘመኗ ችካል ሲሰረቅ አይታለች፤ ላም ሲታሰርበትም አይታለች። ኩርባ ሲቃና ግን አላየችም። ደሟ ፈላ።

«ማነው የነካው?» ብላ ጮኸች።

ሀጂ ሽፋ ገመድ ይዘው ከእንሰት ጓሯቸው ብቅ አሉ። «እኔ ነኝ ልጄ። ጠማማ ሆኖ ባየው ገመድ ወጥሬ አቃናሁልሽ። የኛ ጀፎረ ከአያቶቻችን ጀምሮ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው።»

ሆሳዕና ንዴቷን ዋጥ አድርጋ የመጀመሪያው ችካል ጋ ወሰደቻቸው። «እስቲ ከዚህ ሆነው ይመልከቱ አባባ። መንገዱ እንዲህ ቀጥ ብሎ ከሄደ የት ይደርሳል?»

ሀጂ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አነጣጠሩ። ችካሎቹ ተከታትለው አጥራቸው ጋ ደረሱ። ከአጥሩ ወዲያ የገዛ ቤታቸው በር ተከፍቶ ይታያል፤ ሚስታቸው ባሂራ ደጃፉ ላይ በርበሬ ታሰጣለች።

ሀጂ ገመዱን ቀስ ብለው ጠቀለሉ።

«ልጄ» አሉ፣ «እንደነበረው አጣምሚው።»